የቅርጽን ምስጢር በቀመር የፈተሸው ሊቅ፡- አለን ቱሪንግ

የነብር ቆዳ ለምን ዥንጉርጉር ሆነ? የሜዳ አህያ ሰንበርስ ከወዴት መጣ? ሸለምጥማጥ ገላው በነጠብጣብ ተሸልሞ ሳለ፣ ጅራቱ ላይ ሲደርስ ነጠብጣቡ ወደ ቀለበት የሚለወጠው ስለምንድን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ለብዙ ዘመናት የተረትና የአፈ ታሪክ ርዕስ ሆነው ኖረዋል። ጥያቄዎቹ በሒሳብ ቀመር የሚመለሱበትን ጠንካራ መሠረት የጣለው ግን የእንስሳት ተመራማሪ አልነበረም። በኮምፒዩተር ሳይንስ አባትነቱና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጠላትን የምስጢር መልዕክት በመፍታት የሚታወቀው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ ነው።

ቱሪንግ በ41 ዓመት ዕድሜው ሕይወቱ ሲያልፍ ይህን ምርምሩን ከዳር አላደረሰውም ነበር። ሥራው ምን እንደነበር፣ እንዴት እንደተቋረጠና ሌሎች ከየት አንስተው እንደቀጠሉት መለስ ብሎ መመልከት የሊቁን የሕይወት ታሪክ ይበልጥ የተሟላ ያደርገዋል።

አለን ማቲሰን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 1912 በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ በወቅቱ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ህንድ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር፣ ወላጆቹ አለንንና ታላቅ ወንድሙን በእንግሊዝ አገር በአደራ ትተው ወደ ሥራቸው ይመላለሱ ነበር። ሕፃኑ ገና በአሥር ዓመት ዕድሜው ስለ ሕይወት ያላቸው ነገሮች አሠራር ለልጆች የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አንብቦ እጅግ እንደተመሰጠ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ምሁራን ያስረዳሉ። እናቱ እ.ኤ.አ. በ1923 የሣለችው አንድ ሥዕልም የልጇን ጠባይ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በሥዕሉ ላይ ጓደኞቹ በሜዳው ላይ የገና ጨዋታን በሚመስለው የሆኪ ጨዋታ ሲሯሯጡ፣ አለን ከዳር ጎንበስ ብሎ ዴዚ የተባሉትን አበቦች እድገት ይመለከታል። ዴዚ ከአገራችን አደይ አበባ ጋር የአንድ ቤተሰብ ዕፅ ናት። ሕፃኑ ያን ጊዜ ያጎነበሰባትን አበባ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በቀመር ሊፈታት ተመልሶ መጥቷል።

እ.ኤ.አ. በ1926 ሸርቦርን በተባለው ትምህርት ቤት ሲመዘገብ በአገሪቱ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ተመትቶ ባቡር በመቆሙ፣ የ13 ዓመቱ ታዳጊ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በብስክሌት አቋርጦ ትምህርት ቤቱ ደርሷል። በዚያም ክሪስቶፈር ሞርኮም ከተባለ የሳይንስ ፍቅር ካለው ተማሪ ጋር ጥብቅ ወዳጅነት መሠረተ። ሆኖም ሞርኮም እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 1930 በድንገት በሞት ተለየው። ይህ ሐዘን በወጣቱ ልብ ውስጥ ጥልቅ ምልክት ጥሎ እንዳለፈና የሰው አእምሮና አካል ግንኙነት ምን እንደሆነ ዘወትር እንዲመራመር እንዳነሳሳው ይታመናል።

ቱሪንግ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኪንግስ ኮሌጅ የሒሳብ ትምህርቱን በከፍተኛ ማዕረግ አጠናቆ በ22 ዓመት ዕድሜው የኮሌጁ ባልደረባ ሆኖ ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በ1936 ባቀረበው ጥናትም በተሰጣት ትዕዛዝ መሠረት ማናቸውንም ሊሰላ የሚችል ነገር ደረጃ በደረጃ የምታሰላ አንዲት መኪና በሐሳብ ነደፈ። ይህች በወረቀት ላይ የነበረች መኪና የዛሬው ኮምፒዩተር ፅንሰ ሐሳብ መነሻ ለመሆን በቅታለች። ከዚያም ወደ አሜሪካ አቅንቶ እ.ኤ.አ. በ1938 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። ታዋቂው የሒሳብ ሊቅ ጆን ፎን ኖይማን ረዳቱ ሆኖ በዚያው እንዲቀር ቢጋብዘውም ግብዣውን ሳይቀበል ወደ አገሩ ተመለሰ።

እንግሊዝ ጦርነት ባወጀች ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 4 ቀን 1939፣ ብሌችሊ ፓርክ በተባለው የምስጢር ሥፍራ ሥራ ጀመረ። በዚያም የጀርመን ጦር ኤኒግማ በተባለ መሣሪያ እየቆለፈ የሚያስተላልፋቸውን መልዕክቶች ለመፍታት የሚያግዝ መኪና ከነደፉት ዋነኛው ሲሆን፣ የጀርመን ባሕር ኃይልን ምስጢር የሚፈታውን ክፍልም መርቷል። ሥራው በአትላንቲክ ውቅያኖስ ለሚመላለሱ መርከቦች ደህንነት ከፍተኛ አስተዋጽኦ እንዳደረገ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በምስጢር በመያዙ ቱሪንግ በሕይወት ሳለ ሕዝቡ ስለዚህ ውለታው የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ በብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ የኮምፒዩተር ንድፍ ያዘጋጀው ቱሪንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ወደ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በነዚህ ዓመታት ብርቱ የረጅም ርቀት ሯጭም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 የማራቶን ውድድርን በ2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ያጠናቀቀ ሲሆን፣ ይህም በቀጣዩ ዓመት በለንደን ኦሊምፒክ አሸናፊ ከሆነው ሯጭ ሰዓት በ11 ደቂቃ ያህል ብቻ የሚዘገይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1951 የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አዲስ ኮምፒዩተር ሲገባለት ቱሪንግ ትኩረቱን ወደ ሕያው ነገሮች እድገት አዞረ። ያነሳው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል፣ ሲመረምሩት ግን እጅግ የከበደ ነው። ፅንስ ሲጀምር በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት የሆነ ድቡልቡል የህዋሳት ክምችት ነው። እንዲህ ያለው አካል በኬሚስትሪና በፊዚክስ ሕግ ብቻ የሚመራ ከሆነ፣ ራስና እግር፣ ሆድና ጀርባ ለይቶ የሚያወጣው ምንድን ነው? በሁሉም በኩል እኩል የሆነ ነገር እንዲያው እኩል ሆኖ መቅረት አልነበረበትምን?

ቱሪንግ ለዚህ የሰጠው መልስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1952 በእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ ወጣ። በጥናቱ መሠረት በፅንሱ ውስጥ ቅርጽን የሚያስገኙ፣ እሱ ሞርፎጅን ብሎ የሰየማቸው ኬሚካሎች አሉ። እነዚህ ኬሚካሎች በአንድ በኩል እርስ በርስ ይዋሃዳሉ፤ በሌላ በኩል ከህዋስ ወደ ህዋስ እየሰረጉ ይሰራጫሉ። በተለመደው አስተሳሰብ ሥርጭት ልዩነትን የሚያጠፋ ነገር ነው። በውሃ ውስጥ የተጨመረ ቀለም በመጨረሻ ውሃውን ሁሉ በእኩል እንደሚያቀልመው ማለት ነው። ቱሪንግ ያሳየው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ሁለቱ ኬሚካሎች የሚሰራጩበት ፍጥነት የተለያየ ከሆነ ሥርጭቱ ራሱ ልዩነትን ይፈጥራል።

ነገሩን በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በአንድ መንደር ወሬ ተነሳ እንበል። ወሬው በተነሳበት መንደር ራሱን በራሱ እያባዛ ይሄዳል፤ ወደ ጎረቤት የሚዛመተው ግን በእግረኛ ነው። ወሬው በበረታ ቁጥር ማስተባበያ ይወለዳል፤ ማስተባበያው የሚጓዘው ደግሞ በፈረስ ነው። ስለዚህ ወሬው በተነሳበት መንደር እንደጋለ ሲቆይ፣ በዙሪያው ባሉት መንደሮች ማስተባበያው ቀድሞ ስለሚደርስ ወሬው ሥር ሳይሰድ ይቀራል። ማስተባበያው እየራቀ ሲሄድ ደግሞ ይደክማልና ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ ለመነሳት ዕድል ያገኛል። በመጨረሻም አገሩ ወሬ በጋለባቸውና ጸጥ ባሉ መንደሮች ተራ በተራ የተዥጎረጎረ ይሆናል። በቆዳ ላይም የቀለም አዛዡ ኬሚካል በበረታበት ጥቁር፣ ተቆጣጣሪው በበረታበት ነጭ ሆኖ ይወጣል።

መነሻውስ? በጣት ጫፍ ላይ የቆመ ዱላ ትንሽ ንፋስ ወደ አንዱ ወገን እንደሚጥለው ሁሉ፣ በህዋሳት መካከል ዘወትር የማይታጣው እጅግ ጥቃቅን ልዩነት በዚህ ሥርዓት እየገዘፈ ይሄዳል። ፅንሱ እኩልነቱን የሚለቀው በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ነው የገጽ ቅርጽ ጉዳይ የሚመጣው። በሁለት ነጠብጣቦች ወይም በሁለት ሰንበሮች መካከል ያለው ርቀት የሚወሰነው በኬሚካሎቹ ውህደትና ሥርጭት ፍጥነት ነው። ይህ ርቀት እንደ ሸማኔ ስንዝር ቋሚ መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። ገላው ደግሞ የሚለካው ጨርቅ ነው። ስንዝሩ አንድ ሆኖ ሳለ ጨርቁ ሲጠብ፣ ሲሰፋ ወይም ሲጠቀለል የሚወጣው ንድፍ ይለወጣል።

ቱሪንግ በጥናቱ በመጀመሪያ የመረመረው በቀለበት የተደረደሩ ህዋሳትን ነው። ቀለበት መጀመሪያውና መጨረሻው ስለሚገጥም በላዩ ሊያርፍ የሚችለው ሙሉ ቁጥር ያለው ሞገድ ብቻ ነው፤ ሦስት ተኩል ሞገድ በቀለበት ላይ ቦታ የለውም። በዚህም ሃይድራ የተባለችው የውሃ እንስሳ በአፏ ዙሪያ የምታበቅላቸው ክንዶችና በአንዳንድ ተክሎች ግንድ ዙሪያ በክብ የሚወጡ ቅጠሎች እንዴት ተራርቀው ሊወጡ እንደሚችሉ አመለከተ። በዝርግ ገጽ ላይ ደግሞ ቀመሩን በእጅ አስልቶ የላም ቆዳን የሚመስል ዥጉርጉር ምስል አወጣ።

ከዝርግ ገጽ ወደ ሉል ሲኬድ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በዝርግ ገጽ ላይ ነጠብጣቦች እያንዳንዳቸው በስድስት ጎረቤት ተከበው በሥርዓት ሊደረደሩ ይችላሉ። ሉል ላይ ግን ይህ ከቶ አይቻልም። የተለመደችውን የእግር ኳስ ለአብነት ብንወስድ ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች ብቻቸውን ኳስ መሥራት ስለማይችሉ፣ ከ20ዎቹ ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች ጋር 12 ባለ አምስት ጎን ቁራጮች የግድ ይጨመራሉ። ሉል ይህን ግዴታ በላዩ በሚያርፈው ንድፍ ሁሉ ላይ ይጥላል።

ቱሪንግ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ካዋለባቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው የሉል ጥያቄ ነበር። በእሱ መሪነት ይሠራ የነበረው ወጣቱ ተመራማሪ በርናርድ ሪቻርድስ ቀመሩን በሉል ላይ ሲፈታ፣ ኬሚካሉ በሉሉ ገጽ ላይ በተወሰኑ ነጥቦች ብቻ ተከማችቶ ተገኘ። ውጤቱ ራዲዮላሪያ ከሚባሉ አንድ ህዋስ ብቻ ካላቸው የባሕር ፍጥረታት ጋር ተነጻጸረ። የነዚህ ፍጥረታት ናሙና እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1876 ቻሌንጀር በተባለችው መርከብ ጉዞ ተሰብስቦ፣ በጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሄክል በሥዕል የተመዘገበ ነበር። በድቡልቡል አፅማቸው ላይ 2፣ 6፣ 12 ወይም 20 እሾህ የሚያበቅሉት ዝርያዎች በቀመሩ ከተገኙት ቅርጾች ጋር በእጅጉ ተመሳስለዋል።

ሊቁ የዕፅዋትንም ነገር አልተወም። የግንድን ገጽ እንደተጠቀለለ ወረቀት ቆጥሮ፣ ቅጠሎችና ፍሬዎች በላዩ በጠመዝማዛ መስመር ሲደረደሩ ቁጥራቸው ብዙ ጊዜ 5፣ 8፣ 13፣ 21፣ 34፣ 55 እያለ የሚሄደውን የፊቦናቺ ተራ የሚከተለው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ደክሟል። የሱፍ አበባና በልጅነቱ ያጎነበሰባት ዴዚ የዚህ ምርምር ተጠቃሽ ነበሩ።

ይህ ሁሉ ሥራ በሚካሄድበት ወቅት ግን በሊቁ ላይ ከባድ መከራ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 መጀመሪያ ቤቱ በሌባ ተዘርፎ ለፖሊስ ሲያመለክት፣ በምርመራው ሂደት ከሌላ ወንድ ጋር የነበረው ግንኙነት ታወቀ። ይህ በወቅቱ በእንግሊዝ ሕግ ወንጀል ስለነበር ተከሶ እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1952 ጥፋተኛ ተባለ። ከእሥራትና ለአንድ ዓመት ከሚሰጥ የሆርሞን ሕክምና አንዱን እንዲመርጥ ሲደረግ ሕክምናውን መረጠ። ለመንግሥት ይሰጥ የነበረው የምስጢር ሥራም ተዘጋበት። ስለ ቅርጽ አመጣጥ የጻፈው ጥናት ታትሞ የወጣው ከዚህ ፍርድ በኋላ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። በጦርነቱ ጊዜ አገሩን የታደገው ሰው፣ ሰውነቱ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ በኬሚካል ሲለወጥ፣ እሱ ኬሚካሎች ሕያው አካልን እንዴት እንደሚቀርጹ ይመራመር ነበር።

አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. ሰኔ 7 ቀን 1954 በመኖሪያ ቤቱ በሳያናይድ መርዝ ሕይወቱ አለፈ። የአሟሟቱን ሁኔታ የመረመረው አካል ራሱን እንዳጠፋ ሲወስን፣ እናቱ ግን በቤቱ ያካሂድ ከነበረው የኬሚካል ሙከራ የመጣ አደጋ ነው ብላ እስከ መጨረሻው ታምን ነበር። በሉልና በዕፅዋት ላይ የጀመራቸው ጽሑፎች ሳይታተሙ ቀሩ። ተሰባስበው በመጽሐፍ የወጡት ከ38 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው።

የታተመው ጥናቱም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ብዙ ትኩረት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1953 የዲ.ኤን.ኤ. አወቃቀር በመታወቁ የባዮሎጂ ምሁራን ፊታቸውን ወደ ዘረ መል አዙረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 አልፍሬድ ጊረርና ሃንስ ማይንሃርት የተባሉ ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ሐሳብ በራሳቸው መንገድ ካቀረቡ በኋላ ግን ጉዳዩ እንደገና ነፍስ ዘራ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ የሚገኙ የኬሚስትሪ ባለሙያዎች ቱሪንግ የተነበየውን ቋሚ ንድፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በላቦራቶሪ ውስጥ በዓይን አሳዩ።

የቅርጽ ተጽዕኖ በተለይ ጎልቶ የወጣው በጄምስ መሪ ሥራ ነው። ይህ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቀመሩን ወደ ጫፉ እየቀጠነ በሚሄድ የጅራት ቅርጽ ላይ ሲያሰላ፣ ጅራቱ ወፍራም በሆነበት ነጠብጣብ፣ በቀጠነበት ደግሞ ቀለበት ወጣ። ቀጭን ጅራት ዙሪያውን ከአንድ ነጠብጣብ በላይ ለመያዝ ስለማይበቃ ነጠብጣቡ ተዘርግቶ ይገጥማል። በዚህም የተነሳ ገላው ነጠብጣብ የሆነ እንስሳ ጅራቱ ቀለበታም ሊሆን ይችላል፤ ገላው ሰንበራም የሆነ እንስሳ ግን ነጠብጣብ ያለበት ጅራት እንደማይኖረው ቀመሩ ያመለክታል። የሸለምጥማጥ፣ የአቦ ሸማኔና የነብር ጅራት ለዚህ ምስክር ሆነው ቀርበዋል።

የአገራችን እንስሳም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። በኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ ብቻ የሚገኘው ሰንበረ ጠባቡ የሜዳ አህያ በሳይንሱ ዓለም በግሬቪ ስም ይጠራል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1882 በወቅቱ የሸዋ ንጉሥ ከነበሩት ከምኒልክ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ በስጦታ ከተላከ እንስሳ ነው። ጆናታን ባርድ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ጥናት የተለያዩ የሜዳ አህያ ዝርያዎች ሰንበር በአንድ ዓይነት ስንዝር፣ ማለትም 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ተራርቆ፣ በፅንስነት ጊዜ እንደሚሠመር ሐሳብ አቅርቧል። ልዩነቱ መስመሩ የሚሠመርበት ጊዜ ነው። በተለመደው የሜዳ አህያ በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ሲሠመር፣ በግሬቪ በአምስተኛው ሳምንት፣ ፅንሱ ተለቅ ካለ በኋላ በመሆኑ፣ በሰፊው ገላ ላይ ብዙና ጠባብ ሰንበር ያርፋል።

በዓሣ ላይ የተደረገው ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በ1995 ኮንዶና አሳይ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች አንድ ሰንበራም የባሕር ዓሣ ሲያድግ ሰንበሮቹ በመለጠጥ ፈንታ በመካከላቸው አዳዲስ ሰንበር እንደሚገባ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በጄኔቫ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በአንድ የአውሮፓ እንሽላሊት ላይ ባካሄዱት ጥናት፣ በቅርፊቶቹ መካከል ያለው ቆዳ ቀጭን በመሆኑ ሥርጭቱ እንደሚገታና እያንዳንዱ ቅርፊት የጎረቤቶቹን ቀለም እያየ የራሱን እንደሚለውጥ አረጋገጡ። ይህም ፎን ኖይማን በሒሳብ ከነደፈው ሥርዓት ጋር የሚመሳሰል ነው። በፕሪንስተን የተገናኙት ሁለቱ ሊቃውንት ሐሳባቸው በአንዲት እንሽላሊት ቆዳ ላይ እንደገና ተገናኘ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከጃፓን የወጣ የስሌት ጥናትም በዝርግ ገጽ ላይ ቆሞ የሚቀር ንድፍ ገጹ ሲጎብጥ መጓዝ ሊጀምር እንደሚችል አመልክቷል።

እርግጥ ነው፣ የሁሉም እንስሳት ዥንጉርጉርነት በዚህ መንገድ ብቻ ይመጣል ማለት አይደለም። በአንዳንዶቹ ኬሚካሎቹ ተለይተው ሲታወቁ በሌሎቹ ገና በፍለጋ ላይ ናቸው፤ ህዋሳት ራሳቸው እየተንቀሳቀሱ ንድፍ የሚሠሩበትም ጊዜ አለ። በማንቸስተር ተጀምሮ ሕዝብ ያበቀላቸውን 657 የሱፍ አበቦች የመረመረውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናትም አብዛኞቹ የፊቦናቺን ተራ እንደሚከተሉ፣ ጥቂቶቹ ግን እንደሚያፈነግጡ አሳይቷል። ይህ የሊቁን ሥራ ዋጋ አይቀንሰውም፤ ጥያቄው አሁንም ሕያው መሆኑን ያረጋግጣል እንጂ።

የእንግሊዝ መንግሥት በቱሪንግ ላይ ለተፈጸመው በደል እ.ኤ.አ. በ2009 በጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካይነት ይቅርታ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2013 ደግሞ ንግሥቲቱ ከሞተ በኋላ ምሕረት አደረጉለት። ምስሉን የያዘው የ50 ፓውንድ የወረቀት ገንዘብ በልደቱ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 2021፣ ሥራ ላይ ውሏል።

በዚህ የወረቀት ገንዘብ ላይ ቀይ ምልክት አለ። ምልክቱ የስሙን መነሻ ፊደላት የያዘ ሲሆን፣ የተሠራውም በሱፍ አበባ ራስ አምሳል ነው። ገንዘቡን የሚቀባበለው ሰው ሁሉ ልብ ላይለው ይችላል። ሆኖም ኮምፒዩተርን ለዓለም ካበረከተው ሊቅ መታሰቢያ ጎን፣ በሜዳ ዳር አጎንብሶ አበባ ይመለከት የነበረው ሕፃን ጥያቄም በዚያች ትንሽ ምልክት ውስጥ ተቀምጧል።